ሰማያዊው ጭስ መቼ ነው የሚመጣው?

ቱርቦ ያለው አሮጌ ሞተር ዘይት መብላት ሲጀምር ባለንብረቱ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ቱርቦው ሞቷል» ወይም «ፋሻ በልቷል»። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ ያስወጣሉ። ጭሱ ሁልጊዜ የሚታይ ቢሆን መለየቱ ባልከበደ ነበር። አንድ ቀን አጭሶ ሳምንቱን ሙሉ ንጹሕ የሚሄድ ሞተር ግን ጋራዥ ሲደርስ ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ በግምት ይፈረድበታል። ይህ ምልልስ የተጻፈው ግምቱ በማስረጃ እንዲተካ ነው። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ በአንዲት አሮጌ ባለ 3 ሊትር ዲፎርዲ ፒካፕ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ሸቀጥ የምታመላልስ ነጋዴና ዕድሜያቸውን በናፍጣ ሞተር ላይ ያሳለፉ መካኒክ።

ባለመኪናዋ፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ዘይት ትበላለች። አንዱ ጋራዥ ቱርቦ ቀይሪ አለኝ፤ ሌላው ሞተሩ ይውረድ አለ። እርስዎ ዘንድ ይዣት ስመጣ ደግሞ ይኸው፣ አንድም ጭስ የላትም።

መካኒኩ፦ ዛሬ አለማጨሷም ራሱ የሚነግረን ነገር አለ ልጄ። ፋሻው ጨርሶ ያለቀ ሞተር ዛሬ አጭሶ ነገ አይተውም፤ ጭነት በያዘ ቁጥር ያጨሳል። መጥቶ የሚሄድ ጭስ የሚመጣበት ምክንያትና ሁኔታ አለው። ለመሆኑ መልኩ ምን ይመስላል?

ባለመኪናዋ፦ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

መካኒኩ፦ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ብዬ የአየር ፊልትሮውን፣ ኢንጄክተሮቹንና የቱርቦውን ማኒኮታ እፈትሽ ነበር። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ በብርድ ጠዋት ይበዛል። ነጭ ሆኖ የራዲያተር ውኃም እየጎደለ ከሆነ ነገሩ ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ያመራል። ሰማያዊው ዘይት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጣትሽን በጭስ ማውጫው ጫፍ ውስጥ አዙሪ። የናፍጣ ጥላሸት ደረቅ ዱቄት ነው፤ ዘይት የተቀላቀለበት እርጥብ ሆኖ ጣት ላይ ይጣበቃል።

ባለመኪናዋ፦ እርጥብ ነው፤ አይቼዋለሁ።

መካኒኩ፦ ስንት ትበላለች?

ባለመኪናዋ፦ ይህን ያህል ብዬ ለመናገር ይቸግረኛል። ሹፌሩ ሲይዛት ረዳቱ ይጨምራል፤ እኔ ስይዛት እኔ እጨምራለሁ።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ከልኬት እንጀምር። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመሽ፣ ሞተሩን አጥፍተሽ፣ ዘይቱ ወደ ኮፓው እስኪወርድ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቂና ለኪ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሁኔታ ይሁን። ተዳፋት ላይ የቆመ መኪና ወይም አሁን የጠፋ ሞተር የሚሰጥሽ ልኬት አይታመንም። እስከ ላይኛው ምልክት ሙዪና ኪሎ ሜትሩን ጻፊ። ከዚያ በኋላ የምትጨምሪውን እያንዳንዱን ግማሽ ሊትር ከኪሎ ሜትሩ ጋር መዝግቢ።

ባለመኪናዋ፦ ስንት ሲሆን ነው የሚያሰጋው?

መካኒኩ፦ ብዙ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርሰውን እንደ ብልሽት አይቆጥሩትም። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ለውጡን ነው የማየው። ለዓመታት እምብዛም ሳትበላ የኖረች መኪና በድንገት በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር መጠየቅ ከጀመረች የተለወጠ ነገር አለ። ያንቺ ሞተር የሚይዘው ወደ 7 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ 2 ሊትር ጎድሎ ጭነት ይዞ ዳገት ከወጣ ቱርቦውም ብሮንዚኑም አደጋ ላይ ናቸው።

ባለመኪናዋ፦ እሱን ፈርቼ ነው ረዳቱን ሁልጊዜ ትንሽ ተረፍ አድርገህ ሙላ የምለው።

መካኒኩ፦ ይህን ዛሬውኑ ተዪው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ የሚሽከረከረው ኮሎ እየመታ ያርገበግበዋል፤ አረፋና ጭጋግ ይሆንና በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ወደ አየር መሳቢያው ይሄዳል። እዚያ ከደረሰ ይቃጠላል። ተርፎ የተሞላ ሞተር ያን ትርፍ እስኪጨርስ ያጨሳል፤ ከዚያ ይተዋል፤ ረዳቱ እንደገና ሲሞላ እንደገና ይጀምራል። ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ኢንጄክተር ወይም የናፍጣ ፖምፓ አፍስሶ ናፍጣ ከዘይቱ ጋር ከተደባለቀ ልኬቱ አይጎድልም፤ እንዲያውም ከፍ ሊል ይችላል። አልጎደለም ብለሽ ስትረጋጊ ዘይቱ ቀጥኖ ብሮንዚኑን መጠበቅ ያቆማል። መለኪያውን ስታወጪ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ መመዝገቡን ትተሽ ወዲያው ነይ።

ባለመኪናዋ፦ መሬት ላይ እየፈሰሰም ሊሆን ይችላል እኮ።

መካኒኩ፦ ይችላል፤ መቃጠሉን ከማመናችን በፊት አለመፍሰሱን ማየት አለብን። ሌሊት ከሥሯ ካርቶን አንጥፊ። ካርቶኑ ንጹሕ ሆነ ማለት ግን አይፈስም ማለት አይደለም። ከኋላ ያለው የኮሎ ፓራዮሊ ወይም ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ሞተሩ ሲግልና ግፊቱ ሲጨምር ብቻ ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ይታጠብ፤ ረጅም መንገድ ሄደሽ እንደተመለስሽ ከሥርም ከላይም በባትሪ እንየው።

ባለመኪናዋ፦ እሺ፣ መፍሰስ የለም እንበል። የሚቃጠለው ዘይት ከየት እንደሚመጣ በምን ይለያሉ?

መካኒኩ፦ በሰዓቱ። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ጠዋት ስታስነሺያት ደመና አውጥታ በአንድ ሁለት ደቂቃ የምትጠራ ከሆነ የምጠረጥረው የቫልቭ ጎሚኒዎችን ነው፤ ሌሊቱን ዘይት በቫልቩ ዘንግ በኩል ሲንጠባጠብ አድሯል። ሞተሩ ግሎ፣ ጭነት ይዛ በረገጥሽ ቁጥር ሳታቋርጥ የምታጨስ ከሆነ ፋሻና ሲሊንደር ነው። በሚኒሞ ብዙ ቆማ፣ ከዚያ ስትነሳ የምታጨስ ከሆነ ቱርቦው ወይም የቫልቭ ጎሚኒው። ያንቺ መቼ ነው?

ባለመኪናዋ፦ በደንብ የማስታውሰው የዓባይ በረሃን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ድልድዩን ከተሻገርኩ በኋላ ወደ ደጀን ዳገቱን ስጀምር ከኋላዬ ያለው መኪና እስኪሰወር ድረስ አጨሰች። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታ ምንም ሳይታይ አልፌያለሁ።

መካኒኩ፦ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው፤ ያን ሁሉ መንገድ በማርሽ ይዘሽ፣ እግርሽን ከነዳጁ አንስተሽ ነው የምትወርጂው። የቤንዚን ሞተር ቢሆን የአየር በሩ ይዘጋና ከቫልቮቹ በላይ ያለው ቦታ አየር አልባ ወደ መሆን ይጠጋል፤ ያ መሳብ ዘይቱን በቫልቭ ጎሚኒው በኩል ይጎትተዋል። ቁልቁለቱ አልቆ ሲረገጥ የተጠራቀመው በአንዴ ይቃጠላል። ስለዚህ ቤንዚን መኪና ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ካጨሰ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ያንቺ ናፍጣ ነው። የአየር መንገዱ እንደዚያ ስለማይዘጋ መሳቡ ያን ያህል አይበረታም። ለዚህ ነው የቤንዚን መኪና ያዳነ መካኒክ ባንቺ ላይ ሊሳሳት የሚችለው።

ባለመኪናዋ፦ ታዲያ የእኔ ቱርቦው ነዋ!

መካኒኩ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቱርቦው እንዴት ዘይት እንደሚይዝ ልንገርሽ፣ ከዚያ ትፈርጃለሽ። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ የሚንሳፈፈውም በግፊት በሚመጣ ስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ያን ዘይት በዘንጉ ሁለት ጫፍ የሚያስቀረው እንደ ፓራዮሊ ያለ ላስቲክ አይደለም፤ ፋሻ የሚመስል ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ብቻውን ዘይት አይገድብም። ቱርቦው አየር ሲገፋ ከውጭ ያለው ግፊት ከውስጥ ካለው ስለሚበልጥ ነው ዘይቱ ባለበት የሚቆየው። በሚኒሞና በቁልቁለት ያ ግፊት ይወድቃል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ደግሞ ጭራሽ ወደ መሳብ ይለወጥና ዘይቱን ጎትቶ ያወጣዋል።

ባለመኪናዋ፦ ፊልትሮው ተነፍቶ ነው የሚመለሰው፤ አዲስ አልገባለትም።

መካኒኩ፦ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ቀጥሎ የዘይት መመለሻ ቱቦው ይታይ። ዘይት ወደ ቱርቦው የሚገባው በፖምፓ ግፊት ነው፤ የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት ብቻ ነው፣ እንደ ጣሪያ አሸንዳ። ቱቦው ከታጠፈ፣ በውስጡ ዘይት ተጋግሮ ከጠበበ፣ ወይም አንዱ ጓርኒሲዮን ሲያስር ቀብቶት የተረፈ ሲሊኮን ከጋረደው ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይተኛና በቀለበቶቹ በኩል ይወጣል። ከታች ኮፓው ውስጥ ጋዝ በዝቶ ወደ ላይ የሚገፋ ከሆነም እንዲሁ ነው። በዚህ ሁኔታ አዲስ ቱርቦ ብትገዢ አዲሱም ያፈሳል። ብዙ ሰው ሁለት ቱርቦ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለመኪናዋ፦ የመጀመሪያው መካኒክ ግን ማኒኮታውን ፈትቶ ዘይት አሳይቶኛል። ዘንጉንም በእጁ አወዛውዞ ይኸው ይጫወታል ብሎኛል።

መካኒኩ፦ ዘንጉ ወደ ጎን ትንሽ መጫወቱ ጤና ነው፤ ያ ክፍተት የዘይቱ ቦታ ነው። የሚያሳስበው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእጅ የሚታወቅ ጨዋታ ካለው፣ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን ነክተው ጭረት ከተዉ ነው። ማኒኮታው ውስጥ ያለው ዘይትም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የሞተሩ መተንፈሻ የሚገባው ከቱርቦው በፊት ስለሆነ ስስ እርጥበት በሁሉም ላይ ይኖራል። ጥያቄው ዘይቱ ከቱርቦው ወጣ ወይስ በቱርቦው አለፈ የሚለው ነው።

ባለመኪናዋ፦ ይህን በምን እንለያለን?

መካኒኩ፦ በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ። የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለርና ማኒኮታዎቹን አውርደን በውስጣቸው የተኛውን ዘይት አጥበን እናደርቃለን። ከዚያ የመተንፈሻውን ቱቦ ከአየር መሳቢያው ነቅለን፣ የመሳቢያውን ቀዳዳ ደፍነን፣ ቱቦውን አናቱ ወደተበሳ ጠርሙስ እናስገባለን፤ ጠርሙሱ ከጋለ ነገር ርቆ ይታሰራል። እንደልማድሽ ትነጃለሽ። ጠርሙሱ ዘይት ሰብስቦ ማኒኮታው ደረቅ ከሆነ ቱርቦው ነጻ ነው፤ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ያለ የጋዝ ግፊት ነው። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ከቱርቦው ቀጥሎ ያለው ማኒኮታ ከረጠበ ቱርቦው ራሱ ነው። ማኒኮታው ደርቆ ጭሱ ከቀጠለ ደግሞ በተርባይኑ በኩል ወደ ጭስ ማውጫው እየወጣ ነው ወይም ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው።

ባለመኪናዋ፦ ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል ጋሼ። መኪናዋ ካልሠራች እኔም አልበላም። ቱርቦውን ቀይሮ መገላገል አይሻልም?

መካኒኩ፦ ፈተናው እኮ መኪናዋን አያቆማትም፤ እየሠራሽ ነው የምትፈትኚው። ከመለካት፣ ከፊልትሮ፣ ከመመለሻ ቱቦ፣ ከጠርሙስ እንጀምር፤ ወጪያቸው ጥቂት ነው። ቱርቦና ሞተር ማውረድ መጨረሻ ላይ ይምጡ። እስከዚያ መለኪያውን ጠዋት ጠዋት እዪ፣ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ አትንጂ።

ባለመኪናዋ፦ መጠበቅ የሌለበት ጊዜስ የለም?

መካኒኩ፦ አለ፤ ይህን ለሹፌሩም ንገሪው። ናፍጣ ሞተር የገዛ ዘይቱን እንደ ነዳጅ መጠቀም ይችላል። የቱርቦው ቀለበት ድንገት ከሄደ ወይም በኢንተርኩለሩ ብዙ ዘይት ከተጠራቀመ ሞተሩ ሳይረገጥ ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል፤ ቁልፍ ማጥፋትም አያቆመውም። ያኔ ወደ ከፍተኛው ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን አንቆ ማጥፋት ነው። ካልሆነ የአየር መግቢያውን በጠንካራ ጣውላ መድፈን እንጂ በእጅ አይነካም። አንዴ እንኳ ሳትረግጪ ዙሩ ከፍ ካለ፣ ቱርቦው የብረት ፉጨት ካሰማ፣ ወይም የዘይት መብራት ከበራ ፈተናው አብቅቷል፤ መኪናዋ ተጎትታ ትምጣ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለመኪናዋ ደብተሯንና ጠርሙሷን ይዛ ተመለሰች።

ባለመኪናዋ፦ እንዳሉኝ ጽፌያለሁ። ጠዋት ስትነሳ አታጨስም። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ስትሠራም አይታይም። ጠርሙሱ ከመታሰሩ በፊት ያጨሰችው ብዙ ቀን ከተማ ውስጥ በመኪና መጨናነቅ ስትሠራ ቆይታ የመጀመሪያውን ረጅም ዳገት ስትወጣ ነው። ዳገቱ ሳያልቅ ጭሱ ቀድሞ ያልቃል።

መካኒኩ፦ ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ትልቅ ነው። ፋሻ ቢሆን ዳገቱ እስኪያልቅ ያጨስ ነበር። ቀድሞ የሚያልቅ ጭስ የተጠራቀመ ነገር እየተቃጠለ እንደነበር ይናገራል። ዘይቱ በዝግታ ስትነጂ በኢንተርኩለሩና በማኒኮታው ዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ ቱርቦው በኃይል ሲነፋ ጠርጎ ወደ ሞተሩ ያስገባዋል። ዘይቱ የሚጎድልበትና ጭሱ የሚታይበት ቀን የተለያየው ለዚህ ነው። ጠርሙሱስ?

ባለመኪናዋ፦ ይኸው፣ ከሥሩ ጥቁር ዘይት አለው። ጭነት ይዤ ዳገት በወጣሁ ቁጥር ይጨምራል። ማኒኮታው ግን እንደደረቀ ነው፤ ጭስም አላየሁም።

መካኒኩ፦ እንግዲህ ቱርቦው ነጻ ወጥቷል። የሚቀረው ጋዙ ከየት ወደ ሞተሩ ሆድ እንደሚገባ ማወቅ ነው። አንዱ መንገድ ፋሻ ነው፤ ሌላው በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የሚዘነጋው የኢንጄክተሮቹ የመዳብ ዋሸር ነው። ዋሸሩ ከኢንጄክተሩ ግርጌ ተቀምጦ የፍንዳታውን ጋዝ ያግዳል። ሲደክም ጋዙ ሽቅብ አልፎ በቫልቭ ክዳኑ ሥር ይገባል፤ ጭነት በበዛ ቁጥር ይብሳል። ክዳኑን እንክፈትና እንየው።

ባለመኪናዋ፦ የአንዱ ኢንጄክተር ዙሪያ ሬንጅ የፈሰሰበት ይመስላል!

መካኒኩ፦ እሱ ነው። በማሞቂያ ካንዴላው ቀዳዳ ኮምፕሬሽን ስለካውም ያ ሲሊንደር ብቻ ዝቅ ብሏል፤ ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው። ሲሊንደሮቹ ያረጁ ቢሆኑ ድካሙ ወደ ሁሉም ይዳረስ ነበር። አራቱም ዋሸሮች በአዲስ ይቀየራሉ፤ አንዴ የተጨመቀ መዳብ ተመልሶ አይገባም። መቀመጫቸውም ይጸዳል። አሁን ደግሞ ኮፓው ይወርዳል።

ባለመኪናዋ፦ ኮፓው ምን አደረገ?

መካኒኩ፦ ያ ጋዝ ዘይቱን አቃጥሎ ከሰል ያደርገዋል፤ ከሰሉ ወርዶ ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱ ሲደፈን የዘይት ግፊት ይወርዳል፤ መጀመሪያ ቱርቦው፣ ቀጥሎ ብሮንዚኑ ይሄዳል። ይኸው ወንፊቱ ግማሽ በግማሽ ተሸፍኗል። ባንቺ ላይ ቱርቦው ተቀይሮ ቢሆን አዲሱ ቱርቦ በዚህ በታፈነ ወንፊት ዘይት ሲጠማ ይሞት ነበር፤ ጥፋቱም በዕቃው ላይ ይለጠፍ ነበር።

ባለመኪናዋ፦ ከእንግዲህ ምን ላድርግ?

መካኒኩ፦ ዘይት በጊዜው ቀይሪ፤ መንገድሽ አቧራና ዳገት ስለሆነ ከተጻፈው ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ይሁን። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ያን ለማካካስ ቱርቦው የበለጠ ይሽከረከራል። ስለዚህ ጠዋት ዘይቱ ሳይደርስ አትርገጪ፤ ዳገት ወጥተሽ እንደቆምሽም ወዲያው አታጥፊ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይቀዝቅዝ። ሲግል የጠፋ ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ተጋግሮ መመለሻውን ያጠብባል። መዝገቡን ደግሞ አትተዪ፤ ጥገናው መሥራቱን የሚነግርሽ እሱ ነው።

ባለመኪናዋ፦ ለሌላው ባለመኪና ምን ይመክራሉ?

መካኒኩ፦ ጭሱ መቼ እንደሚመጣ ሳይጠይቅ መፍቻ የሚያነሳ መካኒክ ዘንድ መኪናችሁን አትስጡ። እናንተም ስትመጡ «አንዳንዴ ያጨሳል» ብላችሁ አትምጡ። በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር፣ በብርድ ወይስ በሙቀት፣ በዳገት ወይስ በቁልቁለት፣ ምን ያህል ቆይቶ እንደጠፋ ጽፋችሁ ኑ። ቱርቦ ከመግዛታችሁ በፊት ፊልትሮውን፣ መመለሻ ቱቦውን፣ መተንፈሻውንና የኢንጄክተር ዋሸሩን አስፈትሹ። አራቱ ተደምረው የአንድ ቱርቦ ዋጋ አይደርሱም።